ፊደል ያልቆጠረ ዓይን

ወለሉ ላይ ቴፕ ተለጥፏል። የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ተረከዙን ቴፑ ላይ አድርጎ እንዲቆም ይነገረዋል። ከፊቱ 10 ጫማ፣ ማለትም ሦስት ሜትር ያህል ርቆ ፊደል የሌለበት ሰሌዳ ቆሟል፤ ፖም፣ ቤት፣ ክብና አራት ማዕዘን ብቻ ከላይ ወደ ታች እያነሱ ተደርድረውበታል። ሥዕሎቹን እ.ኤ.አ. በ1976 ያዘጋጇቸው ፊንላንዳዊቷ የሕፃናት የዓይን ሐኪም ሊያ ሂቫሪነን ናቸው፤ የሥዕሎቹ ብልሃትም ቋንቋ አለመጠየቃቸው ላይ ነው። ልጁ እንግሊዝኛ ባይችል “ቤት” ቢል ይበቃል፤ ካፈረ ደግሞ እጁ ላይ ከተሰጠው ካርድ ተመሳሳዩን በጣቱ ያሳያል። ግራ ዓይኑ ሲሸፈን እስከ ትንሿ ሥዕል ድረስ ፈጠን ፈጠን እያለ ይወርዳል። ቀኝ ዓይኑ ሲሸፈን ግን ነገሩ ይለወጣል። “አይታየኝም” አይልም፣ አያለቅስም። አንገቱን ጠመም ያደርጋል፣ አገጩን ያነሳል፣ ከመሸፈኛው ሥር በአፍንጫው በኩል ቀዳዳ ይፈልጋል፣ በመጨረሻም መሸፈኛውን በእጁ ይገፋዋል። መርማሪዋ ወረቀቷ ላይ ጻፍ ታደርጋለች። እናቱ ከኋላ ሆና “አርፈህ ቁም እንጂ!” ትላለች፤ ልጁ የረበሸ መስሏታል።

እንዲህ ያለው ትዕይንት ከሚኒያፖሊስ ደቡብ ምዕራብ፣ በሚኒሶታ ወንዝ ዳር በምትገኘው ሻኮፒ እንግዳ አይደለም። በ2020ው ቆጠራ 43,698 ነዋሪ የተመዘገበባት ይህች ከተማ ለአገራችን ሰው ይበልጥ የምትታወቀው በመጋዘን ሥራዋ ነው፤ አማዞን እ.ኤ.አ. በ2016 ከከፈተው ማዕከል ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች እንጀራቸውን ሲያገኙ ኖረዋል። በሚኒሶታ ሕግ አንድ ልጅ በመንግሥት ትምህርት ቤት ኪንደርጋርተን ሲገባ “ኧርሊ ቻይልድሁድ ስክሪኒንግ” የሚባለውን ምርመራ ማለፍ ይጠበቅበታል። ምርመራው ነፃ ነው፣ ከሦስት ዓመት ጀምሮ ይሰጣል፣ ዕይታና መስማትም ከሚታዩት ውስጥ ናቸው። ብዙ ወላጅ እንደ አንድ የምዝገባ ወረቀት ቆጥሮት ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ይሮጣል። ሦስት ዓመት ሲሞላው የተወሰደ ልጅና አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው የተወሰደ ልጅ ግን በዓይን ጉዳይ እኩል አይደሉም፤ ሁለተኛው ሁለት ዓመት ተኩል ጠፍቶበታል።

በልጁ ላይ የታየው እንግሊዝኛው “ሰነፍ ዓይን” የሚለው፣ ሐኪሞች አምብሎፒያ የሚሉት ችግር ነው። ከመቶ ልጆች ሁለት ወይም ሦስቱን ያገኛል። ዓይኑ ሲመረመር ብዙ ጊዜ እንከን አይወጣለትም፤ ጉድለቱ ያለው ከዓይን የሚላከውን ምስል ተቀብሎ ማንበብ ባልተማረው አንጎል ላይ ነው። የአንጎል ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ቪሰል በ1960ዎቹ ይህን በድመት ግልገሎች አሳዩ። የአንዷን ግልገል አንድ ዓይን በሕይወቷ የመጀመሪያ ሳምንታት ሰፍተው ዘጉት። ቆይተው ሲከፍቱት ዓይኑ ጤነኛ ነበር፤ የአንጎሏ የዕይታ ክፍል ግን ለዚያ ዓይን መልስ መስጠት ትቶ ከሞላ ጎደል ለሌላኛው አድሮ ተገኘ። ባደገች ድመት ላይ ዓይን ለረጅም ጊዜ ቢዘጋ ያ ጉዳት አልደረሰም። በዚህና በተያያዘው ሥራቸው በ1981 የኖቤል ሽልማትን ከሮጀር ስፔሪ ጋር ተካፈሉ። በሰው ልጅም ነገሩ ይኸው ነው። አንዱ ዓይን ከተንሸዋረረ አንጎል ሁለት የማይገጥሙ ምስሎች ስለሚደርሱት አንዱን ይጥላል። የሁለቱ ዓይኖች የመነጽር ቁጥር ከተራራቀ የደበዘዘውን ይንቃል። ሞራ ወይም የወረደ የዓይን ቆብ ብርሃን ከከለከለ ደግሞ ትምህርቱ ጭራሽ አይጀመርም። ሦስተኛው ጥቂት ልጆችን ነው የሚነካው፣ ግን ፋታ አይሰጥም፤ ከልደት ጀምሮ አንዱን ዓይን የጋረደ ሞራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካልወጣ ዕይታው መመለሱ ያጠራጥራል። በስልክ ፍላሽ ባነሳችሁት ፎቶ ላይ የሕፃኑ አንድ ብሌን ነጭ ሆኖ ከወጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ ከሞራም የባሰ ነገር ሊሆን ይችላልና።

ስሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጉዳት አለው። በእኛ ቋንቋ ሰነፍ ማለት ስድብ ነው፤ ሰነፍ ተማሪ ሊሠራ እየቻለ ያልሠራ ነው፣ መድኃኒቱም ተግሣጽ። ቃሉ ቀጥታ ተተርጉሞ ወላጅ ጆሮ ሲገባ ይህን ሁሉ አዝሎ ይገባል። ልጁ “ዓይንህን ጠንከር አድርገህ ክፈት” ይባላል፤ ወይም ሰነፍ ነገር ጊዜ ሲሰጡት ይነቃል ተብሎ ይጠበቃል። ዓይኑ ግን ፊደል ያልቆጠረ ነው ማለት ይሻላል። ትምህርት ቤት ተልኮ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል፤ ነገር ግን ጎበዙ ወንድሙ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቀድሞ እጁን እያወጣ ስለሚመልስ መምህሩ እሱን ጠይቆት አያውቅም። ጎበዙን ለጥቂት ሰዓት ከክፍል ማስወጣት ነው እንግዲህ ሕክምናው። ደህናውን ዓይን መሸፈን ትናንት የመጣ ዘዴም አይደለም፤ ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቡፎን በ1743 ጽፎበታል።

ከእነዚያ ሁለት መቶ ሰማንያ ዓመታት ውስጥ ዘዴው በወጉ የተፈተነው በመጨረሻዎቹ ሠላሳ ነው። በ1997 የተቋቋመው የአሜሪካ የሕፃናት የዓይን በሽታ ተመራማሪዎች ቡድን፣ በምሕጻሩ ፔዲግ፣ ሐኪም ሁሉ በልማድ ያዝዘው የነበረውን አንድ በአንድ መዘነ። በ2006 ባወጣው ጥናት ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት የሆኑ፣ ችግራቸው የመነጽር ቁጥር መራራቅ የሆነባቸው 84 ልጆች መነጽር ብቻ ተሰጣቸው፤ ከአራቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት፣ 27 በመቶው፣ ያለ ምንም መሸፈኛ ሙሉ በሙሉ ዳኑ። በ2003 ደግሞ ችግራቸው መካከለኛ የሆነ 189 ልጆች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በቀን ስድስት፣ ግማሾቹ ሁለት ሰዓት ደህና ዓይናቸው ተሸፈነ፤ ከአራት ወር በኋላ ውጤታቸው አንድ ሆነ። ከዚያ ዓመት ቀደም ብሎ 419 ልጆች ላይ መሸፈኛው አትሮፒን ከሚባለው ጠብታ ጋር ተወዳድሮ ነበር። ጠብታው የደህናውን ዓይን የቅርብ ዕይታ ስለሚያደበዝዝ ልጁ ሌላኛውን ለመጠቀም ይገደዳል። ከስድስት ወር በኋላ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከምንም አይቆጠርም ነበር። በኋላም ጠብታው በየቀኑ ሳይሆን ቅዳሜና እሑድ ብቻ ቢደረግ እንደሚበቃ ታየ።

የመድኃኒቱ ጥያቄ በአብዛኛው ተመልሷል ማለት ነው፤ የቀረው ጥያቄ ቤት ውስጥ ነው ያለው። አንቲባዮቲክ ልጁ ወደደውም ጠላውም በሰባት ቀን ያልቃል። ፓች የሚባለው መሸፈኛ ፕላስተር ግን ለወራት፣ በየቀኑ፣ ሐኪም በሌለበት፣ ሊልጠው በሚታገል ሕፃን ፊት ላይ መለጠፍ አለበት። እንግሊዝ ውስጥ ፓቹ ስንት ሰዓት ፊት ላይ እንደዋለ በመሣሪያ እየለኩ የተደረገ ጥናት በሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ለመውረድ 120 ሰዓት ያህል መሸፈን እንደሚያስፈልግ አስልቷል። በቀን ሁለት ሰዓት ቢባል ሁለት ወር ነው፤ አንድ መስመር ለማትረፍ! ይህን ያልተነገረው ወላጅ በሦስተኛው ሳምንት ለውጥ ሲያጣ ቢተወው ምን ይገርማል? ኔዘርላንድስ ውስጥ ዘ ሄግ ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ፣ በ2006 ታትሞ የወጣው፣ ከሁሉም ይልቅ እኛን ይመለከታል። ፓቹ ላይ የተያያዘ ትንሽ መቁጠሪያ የየቤቱን ሰዓት ሲመዘግብ፣ ሕክምናው የሚጓደለው ይበልጡን ወላጆቹ የአገሩን ቋንቋ በደንብ በማይናገሩባቸው ቤቶች ሆኖ ተገኘ። አጥኚዎቹ እዚያ አላቆሙም። ያለ አንዲት ቃል በሥዕል ብቻ የሚተረክ ታሪክ ለልጆቹ፣ የሚለጠፍ የሽልማት ምልክት ያለው የቀን መቁጠሪያ፣ ለወላጆች ደግሞ ማብራሪያ ወረቀት አዘጋጅተው ሰጡ፤ የተሸፈነው ሰዓትም ጨመረ። እኔ ከዚህ የምረዳው ማብራሪያው የሕክምናው ጌጥ ሳይሆን የመድኃኒቱ ክፍል መሆኑን ነው። ለምን እንደሚሸፈን ያልገባው ቤት አይሸፍንም።

ይህ በሻኮፒ የኑሮ አያያዝ ምን ይመስላል? አባት የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፣ እናት የቀን። ልጁ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ከአያት ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ዴይኬር። ሐኪሟ “በቀን ስድስት ሰዓት” ብትል ያን ስድስት ሰዓት በኃላፊነት የሚይዝ አንድ ሰው የለም፤ ሁሉም ሌላው ለጥፎለታል ብሎ ያስባል። “ሁለት ሰዓት” ስትል ግን ባለቤት ይገኝለታል። ለምሳሌ አባት ከእንቅልፉ ከተነሳበት እስከ ሥራ መሄጃው ያለው ጊዜ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰዓት ልጁ ከቅርብ የሚያይበት ነገር ቢሠራ ጥሩ ነው፤ ቀለም መቀባት፣ ዶቃ በክር መሰካት፣ እናቱ ሰፌድ ላይ ምስር ስትለቅም አብሮ ጠጠር መፈለግ። በተለይ ይህ የመጨረሻው ክሊኒክ ከሚሰጠው መልመጃ የሚያንስ አይመስለኝም። ጥቂት ማሳሰቢያ ግን አለ። ፓቹ መነጽሩ ላይ ሳይሆን ቆዳው ላይ ይለጠፋል፣ መነጽሩ ከላይ ይደረጋል፤ መነጽር ላይ ከተለጠፈ ልጁ በጎን ይሰርቃል። የሚሸፈነው ደህናው ዓይን ነው፤ የታመመ ነገር መሸፈን የለመደች አያት ደካማውን ሸፍና እንድትገኝ መጠበቅ አለ። ክትትሉም እንዳይቋረጥ፣ ምክንያቱም ከልክ በላይ የተሸፈነ ደህና ዓይን ራሱ ሊዳከም ይችላል። አትሮፒን ጠርሙስ ያለበት ቤት ደግሞ ልጅ በማይደርስበት ይቀመጥ፤ ቢጠጣ መርዝ ነው።

“ሲያድግ ይተወዋል” የሚለው መልስ ከየቤቱ ይሰማል፣ ባዶም አይደለም። የአፍንጫቸው ሥር ሰፊ የሆነ ሕፃናት ሳይንሸዋረሩ የተንሸዋረሩ ይመስላሉ፤ ፊታቸው ሲያድግ ያ ይጠፋል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራትም ዓይን አልፎ አልፎ ቢከዳ አያስደነግጥም። ከአራት ወር በኋላ የቀጠለ መንሸዋረር ግን ሐኪም ሳያየው “ይተወዋል” ሊባል አይገባም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ምንም የማይታይበት ነው። ሸውራራ ልጅ ቢያንስ ጎረቤት ይናገርለታል፤ የሁለት ዓይኖቹ ቁጥር የተራራቀ ልጅ ቆንጆ፣ ቀጥ ያሉ ዓይኖች ይዞ ይሮጣል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ቴሌቪዥን ያያል። ደህናው ዓይን ሁሉን እየሸፈነለት ማንም አያውቅበትም፤ አንደኛውን ሸፍኖ መጠየቅ ያስፈልጋል። “በዚህ ዕድሜ መነጽር ዓይኑን ያለማምደዋል፣ ያበላሸዋል” ለሚለው ከላይ ያሉት 84 ልጆች መልስ ይሆናሉ። መንሸዋረሩን በቀዶ ሕክምና አስተካክለን ጨርሰናል የሚሉም አሉ፤ ቀዶ ሕክምናው ዓይኑን ያቃናል እንጂ ማየት አያስተምረውም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ግን ከሳይንስ ራሱ የመጣ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ1958 የተወለዱ ሰዎችን ዕድሜ ልክ የተከታተለ ጥናት በ2006 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ሲታተም፣ አንድ ዓይናቸው አምብሎፒያ ያለባቸው ሰዎች በትምህርት፣ በጤናና በማኅበራዊ ኑሮ ከሌላው ያን ያህል ተለይተው አልተገኙም። ታዲያ ልጁን ለወራት ማስለቀስ ለምን? ጥያቄው ሐቀኛ ነው፤ “ካልታከመ ሕይወቱ ይበላሻል” እያሉ ወላጅን ማስፈራራትም በዚህ ማስረጃ ፊት አይቆምም። ነገር ግን ያ ጥናት የለካው ደህናው ዓይን ደህና ሆኖ የቆየባቸውን ነው። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በ2002 ላንሴት ላይ የወጣው ሌላ የእንግሊዝ ጥናት ደህናውን ዓይናቸውን ያጡትን ፈለገ፤ አምብሎፒያ ያለበት ሰው በሕይወት ዘመኑ ዕይታው በብርቱ የመጎዳት ዕድሉ ቢያንስ 1.2 በመቶ መሆኑን ገመተ። ከተመዘገቡት መካከል ደመወዝተኛ ከነበሩት 102 ሰዎች ሥራቸውን መቀጠል የቻሉት 36 ብቻ ነበሩ። 1.2 በመቶ ትንሽ ትመስላለች፤ ትርፍ ጎማም ቢሆን ብዙው ሰው ሳይጠቀምበት መኪናውን ይሸጣል። ሥራም ካነሳን በመካከላችን ብዙ ሰው የሚያውቀው ምሳሌ አለ፤ ሲዲኤል፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ። የከባድ መኪና አሽከርካሪ በየክፍለ ሀገሩ የሚመላለስበት ሕግ በእያንዳንዱ ዓይን፣ በመነጽርም ቢሆን፣ 20/40 ማየትን ይጠይቃል። እስከ መጋቢት 2022 ድረስ ይህን ያላሟላ ሰው ልዩ ፈቃድ ካላገኘ ከመንገዱ ውጭ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሐኪም በሚሞላው ቅጽ የሚያልፍበት ሌላ በር ተከፍቷል። አንዱ ዓይናቸው ማየት ያልተማረ መሆኑን በሠላሳ ዓመታቸው ለፈቃድ ሲመረመሩ የሚሰሙ ሰዎች አሉ፤ ያደጉት ማንም አንድ ዓይናቸውን ሸፍኖ “ይህ ምንድን ነው?” ባላላቸው አገር ነው።

ለዚህ አገር ቤትን መውቀስ ቀላል ነው፣ ግን አይገባም። በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ግማሽ ያህሉም በቀዶ ሕክምና በሚወጣ ሞራ መሆኑን አሳየ፤ ትራኮማም ከዋነኞቹ መንስኤዎች አንዱ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም ሆነ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ማዕከል ደጅ በሞራ የተጋረዱ አዛውንት ተሰልፈው ሳለ፣ በአንድ ዓይኑ በደንብ የሚያይ ልጅ ወረፋ ባይሰጠው አይገርምም። ወላጆች ይህን ሚዛን ይዘው ነው የተሻገሩት፤ ዓይን ታመመ የሚባለው ሲቀላ፣ ሲያለቅስ ወይም ሲጠፋ ነው። ሻኮፒ ውስጥ ግን ወረፋው ሌላ ነው። ከስክሪኒንጉ “የዓይን ሐኪም ይየው” የሚል ወረቀት የመጣለት ልጅ ሜዲካል አሲስታንስ ካለው ምርመራውም መነጽሩም ይሸፈንለታል። ስክሪኒንጉ ሲሳሳት፣ ማለትም ጤነኛውን ልጅ ሲልክ፣ የሚጠፋው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ወረቀቱ ቦርሳ ውስጥ ሲቀር የሚጠፋው ግን ተመልሶ አይገኝም።

“አሁንማ ስምንት ዓመት ሞልቶታል፣ አልፎበታል” ለሚሉት የፔዲግ የ2005 ጥናት ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 507 ልጆችን ተመልክቷል። ከ7 እስከ 12 ካሉት መነጽር ብቻ ካደረጉት 25 በመቶው ሲሻሻሉ፣ መሸፈኛና ጠብታ ከታከለላቸው 53 በመቶው ተሻሽለዋል። ከ13 እስከ 17 ባሉት ልዩነቱ ጠፍቷል፤ ሆኖም ከዚያ በፊት ፈጽሞ ታክመው ከማያውቁት መካከል መሸፈኛ ከታከለላቸው 47 በመቶው ለውጥ አሳይተዋል። በሩ እየጠበበ ይሄዳል እንጂ በስድስት ዓመት ልደት ቀን ተዘግቶ አያድርም። ይህ ማለት ግን መቆየት ዋጋ አያስከፍልም ማለት አይደለም፤ የሦስት ዓመት ልጅ ፓች ለብሶ ቤት ይውላል፣ የዘጠኝ ዓመቱ አውቶቡስ ላይ ይሳቅበታል። ሳቁን የሚፈራ ወላጅ አይወቀስም። መሸፈኛውን ከትምህርት ቤት ውጭ ላለው ሰዓት ማድረግ ወይም ቅዳሜና እሑድ ጠብታውን መጠቀም ሐኪም ሊስማማበት የሚችል መንገድ ነው።

ቴክኖሎጂስ? በጥቅምት 2021 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች ሉሚኖፒያ የሚባለውን መነጽር መሰል መሣሪያ ፈቅዷል፤ ልጁ የሚወደውን ፊልም ሲያይ ለደህናው ዓይን ምስሉ ይደበዝዛል። ተስፋ ሰጪ ነው። ሆኖም በ2016 የወጣውን የአይፓድ ጨዋታ ጥናት አልረሳም። 385 ልጆች ተካፍለውበት ጨዋታው ከሁለት ሰዓት ፓች ጋር እኩል መሆኑን ማሳየት አልቻለም፣ ጨዋታው ከተሰጣቸውም የታዘዘላቸውን ሰዓት ከሦስት አራተኛ በላይ የተጫወቱት ከአራቱ አንዱ እንኳ አልሞሉም። ጨዋታም በግድ ሲሆን ይሰለቻል። የትኛውም መሣሪያ ቢመጣ የሚከፍተውና ሰዓቱን የሚቆጥረው አባት ወይም እናት ነው።

ስለዚህ ሐኪም ቤት ገብቶ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ነገር አስተርጓሚ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ልጅንም አስተርጓሚ ማድረግ አይፈቀድለትም፤ “ታላቅ ወንድሙ ይተርጉም” አይባልም። አስተርጓሚው ሲመጣ በአማርኛ መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች ብዙ አይደሉም፤ የቱ ዓይን ነው፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ መቼ ልመለስ፣ ሲሻሻል እንዴት ይቀነስ? የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ልጁ ሰሌዳውን ሲወርድ ፓቹ በአንድ ቀን አይጣልም፤ በተለይ ረጅም ሰዓት ሲሸፈንለት የነበረ ልጅ ቀስ በቀስ ይቀነስለታል። ሕክምናው ከቆመ በመጀመሪያው ዓመት ከአራት ልጆች አንዱ ያህል የተወሰነ ዕይታ መልሶ እንደሚያጣ ታይቷልና፣ የተረፈው የፕላስተር ፓኮ ከሚቀጥለው ቀጠሮ ወረቀት ጋር መሳቢያ ውስጥ ይቆያል።